በድልድዩ ጭራ ላይ

ውድ ጋሽ ጸጋው፣

እንደምን ከረሙልኝ? እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ድምፄ ብቻ ተዘግቷል። ከትናንት በስቲያ ስጮህ ነው የዋልኩት። በማን ላይ እንደጮህኩ ሲያነቡ ይደርሱበታል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳይሉኝ። ስልክማ ሞክሬ ነበር። ገና "ዶዮ ወንዝ" ከማለቴ "ኔትወርኩ ይቆራረጣል ልጄ" ብለው ይዘጉብኛል። ስለ ሌላ ነገር ስደውል ደግሞ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ወላሂ እንዲህ ወሬ መርጦ የሚቆራረጥ ኔትወርክ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ይኸው ወረቀት፣ ወረቀት አይዘጋብኝም። መነጽርዎን ያድርጉና ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ። ከመጨረሻው ገጽ የመጀመር ልማድዎንም ለዛሬ ይተዉልኝ።

አባዬ ሰላም ብሎዎታል። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለችውን የብሎን ሱቁን እንደያዘ ነው። እኔ መሐንዲስ ከሆንኩ ስንት ዓመቴ፣ እሱ ዛሬም ለደንበኛ ሲያስተዋውቀኝ "ልጄ ቤት ትሠራለች" ይላል። "አባዬ፣ እኔ እኮ የመንገድና የድልድይ ነኝ" ስለው፣ "ታዲያ ባቡር ጋራዥ ምን ልትሠሪ ሄደሽ ነበር?" ይለኛል። የእርስዎን ታሪክ ነገርኩት፤ ወታደር እንደነበሩ፣ መንገድ እንደጠረጉ፣ ምሽግ እንደሠሩ፣ ድልድይ እንደዘረጉ፣ አሁን ደግሞ ባቡር እንደሚጠግኑ። ራሱን ነቀነቀ። "አንድ ሥራ ይዞ መቀመጥ ያቃተውን ሰው ነው እንዴ መሐንዲስ የምትሉት?" አለኝ። መልሱን ከእርስዎ ነው የምጠብቀው፣ እኔ አቅቶኛል።

ያ የድሬዳዋ ክረምት ትዝ ይልዎታል? ዩኒቨርሲቲው ለልምምድ ሲልከኝ የሐዲድ ድልድይ ላይ ልሠራ ነበር የመጣሁት። ቦታ የለም ተባለና ለእርስዎ ተሰጠሁ። እርስዎ ደግሞ በዚያ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ከአንዲት አሮጌ የእንፋሎት ባቡር ጋር ጎጆ ወጥተው ይኖራሉ። ነጭ ሒጃብ አድርጌ ብቅ አልኩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና እጀታው የረዘመ ብሩሽ አስያዙኝ፤ የማሞቂያዋን ቱቦዎች ጥላሸት እንድጠርግ። ስወጣ ከጥርሴ በቀር ነጭ ነገር አልነበረኝም። "አሁን መሐንዲስ መሰልሽ" አሉኝ። ያቺን ሒጃብ እናቴ ብትቀቅላት፣ ብታሻት፣ በረኪና ብትደፋባት እምቢ አለች፤ አሁን የሱቁ መስታወት ይወለወልባታል።

ባቡሯን ያስነሳን ቀንማ! እሳቱ ተያይዞ፣ እንፋሎቱ ሞልቶ፣ እርስዎ ፊሽካውን ሲስቡት ድሬዳዋ በሙሉ የሰማ መሰለኝ። አንዲት እናት ዘንቢል አንጠልጥለው እያለከለኩ ደረሱ። "የጅቡቲው ነው? አመለጠኝ እንዴ?" አሉ። እርስዎ ሳቅዎን ውጠው፣ ክንዳቸውን ደግፈው አሳፈሯቸውና ግቢው ውስጥ ባለችው አጭር ሐዲድ ጫፍ ድረስ ወስደው መለሷቸው። ሲወርዱ ዙሪያውን አይተው "ምነው፣ ከተነሳንበት ነው እንዴ የደረስነው?" አሉ። ይህን ሳስታውስ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል።

በዚያው ሰሞን ነው የነገሩኝ። ሻይ እየጠጣን ስለ ደሴ ይጠይቁኛል፤ ጦሳ ላይ ጉሙ ዛሬም ከሰዓት ይወርዳል ወይ፣ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ሙቀቱ ዛሬም ሐረጎ ላይ ነው የሚቀበለው ወይ። "ይህን ያህል ከናፈቁ ለምን አንድ ቀን አይመጡም?" አልኩዎት። ብርጭቆዎን አስቀመጡ። በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲያፈገፍግ የዶዮን ድልድይ አፍርስ የሚል ትእዛዝ እንደደረሰዎ፣ ያኔ ጢምዎ ገና ያልጠና መኮንን እንደነበሩ፣ ድልድዩን እንዳፈረሱት ነገሩኝ። ከፍንዳታው ይልቅ የማዶ ሰዎች ዳር ቆመው ያዩዎት አስተያየት ነው ከዓይንዎ ያልወጣው። "በዕድሜዬ ስንት ድልድይ ሠርቻለሁ ሂንድ። እዚያ አገር የምታወቀው ግን በማፍረስ ነው። በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ?" አሉኝ። ከዚያ ተነስተው ብሎን ማጥበቅ ጀመሩ። ብሎኑ ግን ጠብቆ ነበር ጋሼ፤ አይቻለሁ።

እንግዲህ ጉዱን ይስሙ። ዶዮ ላይ አዲስ ድልድይ እንድተክል የተመደብኩት እኔ ነኝ። ኔትወርኩ የተቆራረጠው ይህን ልነግርዎ ስል ነበር።

እርስዎ ከሄዱ ወዲህ የማዶ ሰዎች መሐል ወንዙ ላይ በቀረው የድንጋይ ምሰሶ ላይ ግንድ አጋድመው ሲሻገሩ ኖረዋል። አምና ክረምት ጎርፉ ግንዱን ጠራርጎ ወሰደው። በበጋ በውሃው መሐል ይሻገራሉ፣ ክረምት ሲገባ ግን ማዶ ያለ ማዶ ይቀራል። አምና አንዲት ነፍሰ ጡር ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለማድረስ ቃሬዛ ተሸክመው በተራራው ዞረው ነው የሄዱት። እሷም ልጇም ተርፈዋል፤ ሕፃኑን "ዞሮ" ብለው ነው የሚጠሩት፣ ስሙ ግን ሌላ ነው። ዘንድሮም ድልድዩ ሳይተከል ውሃው ከሞላ እስከ መስከረም ያው እስራት ነው። ሰኔ ደግሞ ገብቷል፣ ደመናው በየቀኑ ከሰዓት ይከመራል።

ድልድዩ ያ የብረት ተገጣጣሚ ነው፤ ወታደር ሳሉ ስንቴ እንደዘረጉት የነገሩኝ ዓይነት። ከአንደኛው ዳር ላይ ይገጣጠምና በሮለር ላይ እየተገፋ ወደ ወንዙ ይወጣል። አፍንጫው ማዶ እስኪነካ ድረስ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ እኛ ዘንድ የቀረው ጭራው ከአፍንጫው መክበድ አለበት፤ አለዚያ አፍንጫው ወንዝ ውስጥ ይደፋል። "መሐንዲስ ማለት ክብደቱን የት እንደሚያስቀምጥ የሚያውቅ ሰው ነው" ይሉኝ አልነበር? ክብደቱን የት እንደማስቀምጥማ አውቄ ነበር። ክብደቱ ራሱ ነው የጠፋው። የሲሚንቶ ብሎኬቱን የጫነው መኪና ቁልቁለቱ ላይ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ ቀረ። በላይኛው አገር ደግሞ ሰማዩ ጠቁሯል። ደራሽ ውሃ ቢመጣ ሮለሩን የተከልንበትን ዳር ይዞት ይሄዳል።

ያለንን ጆንያ በሙሉ አሸዋ ሞላንና ጭራው ላይ ደረደርን። ጆንያው አለቀ፣ ክብደቱ አልሞላም። ፎርማኑ አግማስ፣ ነገር ሁሉ ቀልድ የሚመስለው የገራዶ ሰው ነው፣ ወንዙ ዳር ሊያይ የተሰበሰበውን ሕዝብ አየና "ኢንጂነር፣ የጎደለሽ ክብደት አይደል? ይኸው ወሎ ሞልቶ!" አለኝ።

አሁን ከወንበርዎ ተነስተው "አበድሽ?" ሲሉ ይታየኛል። ይቀመጡ፣ አልጨረስኩም። ጭራው ከመሬት ከፍታው ከጉልበት አይበልጥም፣ ከሥሩም ሜዳ ነው። ደጋግሜ አሰላሁት። ጣውላ አነጠፍንና ሕዝቡን አስቀመጥን። ያን ቀን ወፍራም ሰው እንዴት እንደተከበረ! ሉካንዳ ያለውን ጁነይድን እንደ ሙሽራ አጅበው መጨረሻው ጫፍ ላይ አኖሩት። ቀጫጮቹን አግማስ "እናንተ ቆማችሁ ዱዓ አድርጉ" እያለ ይመልሳቸዋል። ቄስ ኃይለ ሚካኤል ጃንጥላቸውን እንደዘረጉ ወጥተው ተቀመጡ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እማማ አልጣሽም በሰው ተደግፈው ወጡ። እኔ ፊታቸው ቆሜ "እኔ ተነሱ እስክል ማንም እንዳይነሳ!" አልኩ። "ወላሂ አንነሳም!" አሉ ሙስሊሞቹ። "በማርያም አንነሳም!" አሉ ክርስቲያኖቹ። ከዚህ በላይ ምን ዋስትና ይጠየቃል?

ገፋን። ሠራተኞቹ ግማሹ "ያ አላህ!" ግማሹ "እመብርሃን!" እያለ ይገፋል፣ ብረቱ እያቃሰተ ይሄዳል። አፍንጫው የእርስዎን የድንጋይ ምሰሶ ከላይ አልፎ ወጣ። ትንሽ ነበር የቀረን።

በዚህ መሐል ሸህ ዐቂል መጡ።

ሸህ ዐቂልን ቢያውቋቸው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ከቤት የማይወጡ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ሲጣላ እሳቸው ዘንድ ሄዶ የሚታረቅ ሰው ናቸው። ዱዓ እንዲያደርጉልን ጠዋት ተልኮባቸው ነበር፤ በቅሎ ተጭኖላቸው ደረሱ። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ እኛ አገር ተቀምጦ የሚቀር ማን አለ? መጀመሪያ የተነሱት ማን እንደሆኑ ልንገርዎት? ቄስ ኃይለ ሚካኤል! "ኖር! ኖር!" ብለው ብድግ አሉ። ቄሱ ተነስተው ማን ይቀመጣል? ሕዝቡ ሁሉ "ኖር!" ብሎ ተነሳ። መነሳት ብቻ ቢሆን ግድ የለኝም፣ እዚያው ላይ እስከቆሙ ድረስ ክብደቱ ያው ነው። ወርደው እጅ ሊስሙ ሄዱ እንጂ! ጁነይድ ራሱ፣ ያ ሁሉ ሥጋ፣ ዘሎ ወረደ።

"ተቀመጡ! ኧረ በአላህ ተቀመጡ!" ብዬ ጮህኩ። ለሸህ ዐቂል ሲነሳ የኔን ጩኸት ማን ይሰማል? ድምፄ የጠፋው ያኔ ነው።

እነሱ ተነሱ፣ ጭራውም ተነሳ። ቀስ ብሎ፣ እሱም ለሸሁ ክብር የሚነሳ ይመስል፣ ብድግ አለ። ጭራው ላይ የቀሩት የአሸዋ ጆንያዎቹና እማማ አልጣሽ ብቻ ነበሩ። ጆንያዎቹ ይንሸራተታሉ፣ እማማ አልጣሽ ብረቱን አቅፈው ወደ ሰማይ ይሄዳሉ። "ማርያም! እኔ አልተነሳሁም! እኔ አልተነሳሁም እኮ!" ይላሉ። ከወዲያ አፍንጫው ወረደ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አለቀ አልኩ። ወንዙም፣ ክረምቱም፣ እንጀራዬም ታዩኝ።

ጓ! አለና ጸጥ።

ዓይኔን ስገልጥ አፍንጫው ወንዙ ውስጥ የለም። ድልድዩ ምሰሶው ላይ ጋደም ብሏል። የእርስዎ ምሰሶ ላይ፣ ጋሼ። ያ ሳያፈርሱት የሄዱት ድንጋይ አንድ ሙሉ ድልድይ ደገፈልኝ። ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ሰው ሁሉ ክው ብሎ ቆሞ ሳለ እማማ አልጣሽ ከላይ ሆነው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ይህን ድንጋይ ትቶልን የሄደውን ልጅ፣ ያለበት ቦታ ነፍሱን ይማረው!" ሕዝቡም ከታች "አሜን!" "አሚን!" አለ። እኔ ጆሮዬን አላመንኩም። "የቱን ልጅ?" አልኩ በቀረችኝ ድምፅ። "መጀመሪያ አውርጂኝ፣ ከዚያ እነግርሻለሁ" አሉኝ።

በመሰላል አወረድናቸው። አንድም የተጎዳ ሰው የለም፤ ድልድዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዳሰስኩ አየሁት፣ አንድም የተሰበረ ብረት የለም። ጭራውን በገመድ ጎትተን መልሰን አወረድነው፣ ጆንያዎቹንም መልሰን ደረደርን። ሸህ ዐቂል የተፈጠረውን ሲረዱ በትራቸውን መሬት መቱ። "እኔን አከበርን ብላችሁ ድልድይ ትጥላላችሁ? ደግፉኝ!" አሉ። ወጥተው መጨረሻው ጫፍ ላይ፣ ከጁነይድ ጎን፣ ተቀመጡ። "አሁን እኔ ሳልነሳ የሚነሳ ካለ ልየው" አሉ። ከዚያ በኋላ የሚያስነጥስ እንኳ አልነበረም።

ጆንያውን እየደረደርን ሳለ ነው እማማ አልጣሽ የነገሩኝ። ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበሩ አሉ። ድልድዩ ሊፈርስ ነው ሲባል ወዲህ ገበያ የመጣው የማዶ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሊሻገር ተንጋጋ። መኮንኑን በሬዲዮ ይጮሁበታል፣ እሱ "ሰው አለ" ይላል፣ ይጮሁበታል፣ "ሰው አለ" ይላል። የሳቸው ጥጃ ደግሞ መሐል ድልድይ ላይ ደርሳ አልሄድም ብላ ቆመች። መኮንኑ መጣ፣ ጥጃዋን ትከሻው ላይ አድርጎ አሻገረላቸው። "መሐለኛውን ድንጋይ አልነካውም፣ ግንድ ጣሉበት" ብሏቸው ተመለሰ።

ይህን ለምን አልነገሩኝም ጋሼ? ማፍረስዎን ነግረውኝ መጠበቅዎን እንዴት ይደብቁኛል? ጥጃ ተሸክመው!

"ከዚያስ?" አልኳቸው። "ዳር ቆማችሁ አያችሁት?"

"እህሳ!" አሉኝ። "ክብሪቱን ጭሮ ሲሮጥ ይደርስ ይሆን፣ አይደርስ ይሆን ብለን። ነፍሳችን ተጨንቃ። ገና ልጅ እኮ ነው! ጭሱ ሸፈነው፣ ከዚያ ወዲህ አላየነውም። ሞቷል ነው ያልነው።"

ይህን ደግመው ያንብቡት። እባክዎ ደግመው ያንብቡት። ሠላሳ ምናምን ዓመት ከዓይንዎ ያልወጣው አስተያየት ያ ነው። ይደርስ ይሆን ብለው ነው ያዩዎት።

ደግሞ ሌላም አለ። ሞቷል ስላሉ ሸህ ዐቂል በየዓመቱ ለእርስዎ ዱዓ ያስደርጋሉ። ቄስ ኃይለ ሚካኤልም "ስሙን የማናውቀው" እያሉ ያነሱዎታል። እርስዎ ድሬዳዋ ሻይ እየጠጡ እዚህ ስንቴ ለነፍስዎ ተጸልዮልዎታል። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል፤ እርስዎ እንኳ ደስ አለዎት።

እኔ አላስቻለኝም። "አልሞተም" አልኩ። "ጋሽ ጸጋው ይባላል። ድሬዳዋ ነው፣ ባቡር ይጠግናል፣ እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው።" እማማ አልጣሽ ሊነሱ ሲሉ ጁነይድ ነጠላቸውን ይዞ አስቀመጣቸው። እልልታው ግን ተቀምጦም ይቻላል። ሸህ ዐቂል እጃቸውን ዘርግተው አላህን አመሰገኑ፣ ቀጥለውም "ባቡር አልሽ? እዚያም ሰው ያሻግራላ!" አሉ። ከዚያ ተገፋ። በዚያ ሁሉ እልልታ መሐል አፍንጫው የማዶን ዳር ነካ። ማዶ ያሉት ዘለሉ። ወዲህ ያለው ግን አንድም ሰው አልተነሳም፤ ሁሉም ሸህ ዐቂልን ያያል። እሳቸው ደግሞ እኔን አዩ። "ልነሳ ልጄ?" አሉኝ።

ድልድዩን አሰርኩ፣ አየሁ፣ ደግሜ አየሁ። "ተነሱ ሸሃችን" አልኳቸው፤ እያለቀስኩ ነበር። አመሻሹን ደራሹ መጣ፣ ዶዮ እያጓራ ከድልድዩ ሥር አለፈ። እኛም ላዩ ላይ ቆመን አየነው።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ሰዉማ ወለሉ ተነጥፎ ሳያልቅ መመላለስ ጀምሯል፤ ማን ይከለክለዋል! የምረቃው ዱዓ ግን እርስዎ ሳይመጡ አይደረግም ብለዋል ሸህ ዐቂል። "እሱ ሬዲዮ እየጮኸበት ጠብቆናል፣ እኛን ማን ይጮህብናል?" ነው ያሉት። እማማ አልጣሽ የዚያች ጥጃ የልጅ ልጅ የልጅ ልጅ በረታቸው ውስጥ አለች፣ ወተቷን መጥቶ ይጠጣ ብለዋል። ባቡሯን ለማን ትቼ እንዳይሉኝ፤ ፊሽካዋን የሚስብላት ካጣች የትም አትሄድም። ኮምቦልቻ ድረስ ሐዲዱ ተዘርግቷል፣ ባቡሩን ግን ገና እየጠበቅን ስለሆነ በአውቶቡስ ይምጡ። በሚሌ፣ በባቲ አድርገው ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሲወርዱ እኔና አባዬ ቆመን ያገኙናል። አባዬ አሁን ለደንበኛው "ልጄ ሰው አስቀምጣ ድልድይ ትሠራለች" ማለት ጀምሯል፤ እባክዎ መጥተው መሐንዲስ ምን እንደሆነ ያስረዱልኝ።

የምረቃው ዕለት ሁላችንም ድልድዩ ላይ ተቀምጠን ነው የምንጠብቅዎት። ከቁልቁለቱ ብቅ ሲሉ ሸህ ዐቂልም፣ ቄስ ኃይለ ሚካኤልም፣ ጁነይድም፣ እማማ አልጣሽም በዚያ ጉልበታቸው፣ ብድግ እንላለን። አይስጉ፣ ብሎኑን በእጄ ነው ያጠበቅኩት። አሁን ቢነሱበትም አይወድቅም።

ጥላሸት ጠራጊዎ፣
ሂንድ ሀምዱ
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ